«አዞረኝ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ።

አምና ስቅለት ዕለት ነው የጀመረኝ። ስግደት ላይ ነበርኩ። ግንባሬ ምንጣፉን ነክቶ ቀና ስል ዓምዱ ተነቅሎ የሚመጣብኝ መሰለኝ። ነጠላው፣ ጧፉ፣ ሰዉ፣ ሁሉም ይሽከረከራል። አጠገቤ የነበሩ እናት ክንዴን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ጾሙ ነው፤ አረፍ በይ» አሉኝ። ከሐሙስ ጀምሮ አክፍዬ ስለነበር አመንኳቸው።

ፋሲካ ማታ ግን፣ ዶሮውን በልቼ ጠግቤ፣ አልጋዬ ላይ ወደ ቀኝ ስገላበጥ ጣሪያው ዞረ። እንግዲህ ጾም አይባል!

ከዚያ በኋላ ያልተባልኩት የለም። ግፊት ነው፣ ጨጓራ ነው፣ ዓይን ነው። አንድ ክሊኒክ ደም ማነስ ነው ብሎኝ ወር ሙሉ የአይረን ኪኒን ዋጥኩ። ያተረፍኩት የሆድ ድርቀት ነው።

በመጨረሻ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ገና ቁጭ እንዳልኩ «አዞረኝ ስትዪ፣ ቤቱ ይዞራል ወይስ ዓይንሽ ላይ ይጨልማል?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለይቼ አላውቀውም። እኛ ለሁለቱም «አዞረኝ» ነው የምንለው። ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ጭልም የሚለው ብዙ ጊዜ ግፊት ሲወርድ ወይም ውሃ ሲያንስ ነው። ቤቱ ሲዞር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው ከውስጠኛው ጆሮ ነው። እዚያ ሚዛናችንን የሚጠብቁ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች አሉ፤ ያው ኖራ ድንጋይ የተሠራበት ነገር። ከቦታቸው ተላቀው ፈሳሽ ወዳለበት ግማሽ ክብ ቱቦ ከገቡ፣ ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ ፈሳሹን ይገፉታል፤ አንጎል ደግሞ እየተሽከረከርን ነው ብሎ ያምናል።

ሐኪሙ ፊቴን ወደ ቀኝ አዙረው በአንዴ ወደኋላ አስተኙኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «ክፈቺ! እኔ የምፈልገው ዓይንሽን ነው» አሉ። ዓይኔ ሲርገበገብ አይተው ለዩት። ከዚያ ቅንጣቶቹ ከቱቦው እንዲወጡ ቀስ እያሉ ጭንቅላቴን ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ሰውነቴን ጭምር፣ አፍንጫዬ ወለሉን እስኪያይ አዞሩኝ፤ በየቦታው አንድ ደቂቃ ያህል ያቆዩኛል። መርፌ የለ፣ ኪኒን የለ። ዘዴው ጆን ኤፕሊ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በፈረንጆቹ 1992 ያሳተመው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፤ እግሬ ወለሉን ሳይረግጥ አልቆምም። የበርበሬውን ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ አውርጄዋለሁ። ፀጉር ቤት ወደኋላ ተንጋልሎ መታጠብ ግን አበቃ! «አጎንብሼ እጠቢኝ» ስላት ልጅቷ ሁሌ ትስቃለች። የከፋው ፍርሃቱ ነበር። ሳምንታት አንገቴን እንደ እንጨት አድርጌ ሄድኩ፤ ሐኪሙ ሲሰሙ ተቆጡኝ። ካልተንቀሳቀሽ አንጎልሽ አይለምድም አሉ።

አንድ ነገር ልበል፦ ከማዞሩ ጋር ምላስ ከተሳሰረ፣ አንድ ጎን ከዛለ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ይሄ የኔ ዓይነት አይደለም፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል።

ዘንድሮ ስቅለት ዓምዱ ሥር ቦታ ያዝኩ፤ ቀና ስል የምደገፈው እንዲኖረኝ። እኚያ እናት ደህና ስሰግድ አይተው ጠጋ አሉና «ዘንድሮስ ቀምሰሽ ነው የመጣሽ?» አሉኝ።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።