«አይሆንም» ያለና ያልተጠየቀ

ሰላም ጓደኞቼ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ስለ ኮንፊግ ላወራችሁ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ ስለሚያነባት ስለዚያች ፋይል።

አንድ ማክሰኞ ማታ እራት በልቼ ቁጭ ብያለሁ፣ ስልኬ መንዘር ጀመረ። ቴክስት ነው። «ነገ ጠዋት 3፡00 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት፤ የምርመራ ውጤትዎን ይዘው ይምጡ» ይላል። የምን ቀጠሮ? አንብቤ ሳልጨርስ ሁለተኛው ገባ፣ ሦስተኛው፣ አሥረኛው። ያኔ ነገሩ ገባኝ፤ ለታካሚዎች መድረስ የነበረበት መልእክት በሙሉ እኔ ስልክ ላይ እየወረደ ነው።

ለሕክምና ተቋም የምንሠራው ሲስተም ብዙ ሞጁሎች፣ ማለትም ክፍሎች፣ ነበሩት። የቀጠሮ፣ የክፍያ፣ የላብራቶሪ፣ የመልእክት፤ ሁሉም የየራሱ ኮንፊግ አለው። የመልእክቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሙከራ ላይ ሳለሁ ለእውነተኛ ሰው እንዳይሄድ ብዬ «ሁሉንም ወደዚህ ቁጥር ላክ» የሚል ሴቲንግ ጨመርኩ፣ ዲፎልቱን፣ ማለትም ፋይሉ ላይ ምንም ካልተጻፈ የሚወሰደውን፣ ደግሞ የራሴን ቁጥር አደረግኩት። ፕሮዳክሽን ላይ፣ ማለትም እውነተኛው ሥራ ላይ፣ ያለው ፋይል ግን ያችን መስመር አያውቃትም፣ ማንም አልጨመራትም። ሞጁሉ መስመሯን ሲያጣ ዝም ብሎ ዲፎልቱን ወሰደ። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ሎግ ላይ ሁሉም «ተልኳል» ይላል።

ያን ማታ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ስም ዝርዝሩን ተከፋፍለን ሰዎቹ ጋ አንድ በአንድ ደወልን። አንዲት እናት «ውይ ልጄ፣ እኔ እኮ ከነገ ወዲያ መስሎኝ ነበር፣ እግዜር ይስጥህ» አሉኝ። ድምፃቸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ይህን ነገር እንዴት ነው የሚይዙት ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ከሁሉም ያስተማረኝ የሊኑክስ ከርነል ነው፣ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ልብ። እዚያ ሊበራና ሊጠፋ የሚችለው አማራጭ ከ10 ሺህ በላይ ነው። ግን አንድ ቦታ አልተከመረም፤ «ኬኮንፊግ» የሚባለው ፋይል ከኮዱ ጎን፣ በየፎልደሩ ተቀምጧል። ድራይቨሩን፣ ማለትም አንድን ዕቃ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠራውን ኮድ፣ የጻፈው ሰው አማራጩን ራሱ ያስመዘግባል፣ በምን ላይ እንደሚመሠረት ይጽፋል፣ ለሚመርጠው ሰውም ማብራሪያ ያስቀምጣል። ብዙዎቹ ማብራሪያዎች መጨረሻ ላይ «እርግጠኛ ካልሆንክ ኤን በል» ይላሉ። ኤን ማለት ይቅር፣ አልፈልግም ማለት ነው። ደስ የሚል ነገር ነው፣ ለማታውቀው ሰው አስበህ መጻፍ። (እንከን የለውም አልልም። «ሴሌክት» የሚባለው ትእዛዝ የሌላውን አማራጭ ቅድመ ሁኔታ ሳያይ በግድ ያበራዋል፤ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት ብለው ራሳቸው ጽፈዋል።)

እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። የቀረበልህን አማራጭ እምቢ ስትል መስመሩ አይሰረዝም፣ «አልተመረጠም» የሚል ጽሑፍ ይዞ ፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ «ሜክ ኦልድኮንፊግ» የሚል ትእዛዝ ትሰጣለህ፤ ያኔ የሚጠይቅህ ፋይልህ ውስጥ ጭራሽ ስላልተነሱት አዳዲስ ነገሮች ብቻ ነው። እምቢ ያለ ሰውና ያልተጠየቀ ሰው አንድ አይደሉም። የእኔ ሞጁል ግን ዝምታውን እንደ እሺታ ነው የቆጠረው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ የአሮጌ ሴቲንግን ስም ለአዲስ ሥራ ማዋል ነው። በነሐሴ 2012 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ናይት ካፒታል የሚባል የአክሲዮን ነጋዴ ድርጅት አዲስ ኮድ አወጣ፣ የሚያበራውም ድሮ ለሌላ ሥራ በነበረ ማብሪያ ነው። ኮዱ ከስምንት ሰርቨሮች ሰባቱ ላይ ገባ፣ አንዱ ቀረ። ማብሪያው ሲበራ ያ አንዱ ሰርቨር ከ2003 ጀምሮ የተተወውን የድሮ ኮድ ቀሰቀሰው። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጠፋ። ያንን የድሮ ኮድ ያኔውኑ ቢሰርዙት ኖሮ እኮ!

እኛ አሁን እንዲህ አድርገናል። ሰው ላይ ለሚደርስ ነገር ዲፎልት የለም። መስመሩ ከሌለ ፕሮግራሙ አይነሳም፣ የጎደለውን ስም ጠርቶ ይቆማል። አንዳንዶች ይህ ያዘገየናል ይላሉ፤ ይዘግይ። ባለፈው ሳምንት አዲስ የገባ ልጅ ሰርቨሩ እምቢ ብሎት መጣ። «የተቀባይ ቁጥር አልተሞላም ይላል፣ ምን ላድርግበት?» አለኝ። ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና መልእክቱ ለማን መሄድ እንዳለበት አብረን ማየት ጀመርን።