ኮምፓስ፣ አሲድ፣ ካርታና ገደል፦ ለመስክ ጂኦሎጂስቶች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

መስመሩን ከፍተን ከተቀበልናቸው ጥያቄዎች መካከል ሰዓቱ የፈቀደልንን እነሆ። ድንጋይ ከቦታው ከተነሳ በኋላ ስለ ቦታው የሚናገረው ደብተራችን ብቻ ስለሆነ፣ መልሶቹ ሁሉ ዞረው ዞረው እዚያው ላይ ያርፋሉ።

ከደጀን የደወለ የጂኦሎጂ ተማሪ፦ «ወንድሜ ከጀርመን የላከልኝ ኮምፓስ መርፌው ወደ አንድ ጎን እያዘነበለ ይነካካል፤ እንደ ልብ አይዞርም። ባዛልት ላይ ስወጣ ደግሞ ከጓደኛዬ ኮምፓስ ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ተበላሽቶ ነው?»

አልተበላሸም፣ ወንድሜ። የገጠሙህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ማዘንበሉ ከተሠራበት አካባቢ ይዞት የመጣው ነው። አውሮፓ ላይ የምድር መግነጢስ የመርፌውን ሰሜን ጫፍ ወደ ታች ይስበዋል። ይህን ለማመጣጠን ፋብሪካው ደቡብ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት ይጨምርበታል። እኛ ያለነው ግን በመግነጢሳዊው ወገብ አጠገብ ነው፤ እዚህ መርፌውን ወደ ታች የሚስበው ኃይል ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ያ ክብደት ብቻውን ቀርቶ ደቡብ ጫፉን ያወርደዋል። ኮምፓስህ የብራንተን ዓይነት ሆኖ የሚከፈት ከሆነ፣ መርፌው ላይ የተጠመጠመችውን ቀጭን ሽቦ በጥንቃቄ ወደ መሐል አስጠጋት፤ መርፌው አግድም ሆኖ ሲቆም በቃ። ፈሳሽ የተሞላበት ዝግ ኮምፓስ ከሆነ አይከፈትም። ሌላ ከውጭ የሚላክልህ ከሆነ፣ ለምድር ወገብ አካባቢ የተመጣጠነ ወይም በየትኛውም የዓለም ክፍል የሚሠራ መሆኑን አስቀድመህ አስጠይቅ።

ሁለተኛው ችግር የድንጋዩ ነው። ባዛልት ማግኔታይት የሚባል ማዕድን አለበት። በተለይ መብረቅ የሚመታው ሸንተረር ላይ ያለ ባዛልት መርፌን በብዙ ዲግሪ ሊያዞር ይችላል። እንዲህ አጣራው፦ አንተ አንድ ቦታ፣ ጓደኛህ ራቅ ብሎ ሌላ ቦታ ቁሙ። አንተ ወደሱ፣ እሱም ወዳንተ አቅጣጫ ያንብብ። የሁለቱ ንባብ ልዩነት 180 ዲግሪ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ከሁለት አንዳችሁ የቆማችሁበት ድንጋይ መርፌውን እየሳበው ነው። ያን ጊዜ ኮምፓሱን ድንጋዩ ላይ አታሳርፈው። የንብርብሩ ስትራይክ፣ ማለትም ንብርብሩ ሳይወርድና ሳይወጣ አግድም የሚዘረጋበት አቅጣጫ፣ በሚሄድበት መስመር ላይ ሆነህ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለህ አነጣጥረህ አንብብ። እሱም ካልሆነልህ በዚያው መስመር ላይ ተራርቀው ያሉ ሁለት ነጥቦችን በጂፒኤስ ያዝና አቅጣጫውን ከነሱ አስላ። የዝንባሌው መጠን፣ ማለትም ዲፑ፣ በመግነጢስ ስለማይለካ አይነካም። መዶሻህን፣ ስልክህን፣ በተለይ ማግኔት ያለውን የስልክ ሽፋን፣ ስታነብ ከአጠገብህ አርቅ። የተጠራጠርከውን ንባብም «አጠራጣሪ» ብለህ እዚያው ጻፈው። ማታ ከመብራት ሥር ተቀምጦ የትኛው እንደነበር ማስታወስ አይቻልም።

ከባሕር ዳር የደረሰ መልእክት፦ «ለመስክ ልምምድ ዓባይ በረሃ ልንወርድ ነው። የኖራ ድንጋይ፣ ዶሎማይትና ጂፕሰም ይምታቱብኛል። በምን ልለያቸው?»

እህቴ፣ የታደልሽ ነሽ። ከጎሐ ጽዮን ወይም ከደጀን ወደ ወንዙ ስትወርጂ ከላይ ካለው ባዛልት ጀምረሽ፣ በአሸዋማና ጭቃማው ድንጋይ አልፈሽ፣ የአንታሎን የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበትን የጎሐ ጽዮን ንብርብር፣ ከሥሩም የአዲግራትን የአሸዋ ድንጋይ በአንድ መንገድ ታያለሽ። በአንድ ቀን ይህን ሁሉ የሚያሳይ መንገድ ብዙ አይገኝም።

መጀመሪያ ድንጋዩን ስበሪው፤ የአየር ጠባይ የለወጠው ቆዳ ያታልላል። ትኩሱን ገጽ በጥፍርሽ ፋቂው። ከተፋቀ ጂፕሰም ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ካልተፋቀ 10 በመቶ የተቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ጠብታ ጣይበት። ወዲያው ቢፈላ ካልሳይት የሚባለው የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን አለው፤ የኖራ ድንጋይ ነው ብለሽ ጠርጥሪ። ዝም ካለሽ በቢላ ጫፍ ፋቂና ዱቄቱ ላይ ጠብ አድርጊ፤ ዱቄቱ ላይ ብቻ ቀስ ብሎ ከፈላ ዶሎማይት ነው። ጂፕሰም በአሲድ አይፈላም።

እዚህ ጋ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት አለ። የፈላ ሁሉ የኖራ ድንጋይ አይደለም፤ የአሸዋ ድንጋይም እህሎቹን ያጣበቃቸው ካልሳይት ከሆነ ይፈላል። ባዛልትም ቀዳዳዎቹ በካልሳይት የተሞሉ ከሆነ ነጩ ነጠብጣብ ይፈላል። ስለዚህ ሌንሱን ወደ ዓይንሽ አስጠግተሽ፣ ድንጋዩን ወደ ሌንሱ አምጪና የፈላው የትኛው ክፍል እንደሆነ እዪ። ደብተርሽ ላይም በቅድሚያ «በጥፍር አይፋቅም፣ ዱቄቱ ይፈላል» ብለሽ ያየሽውን ጻፊ፤ «ዶሎማይት» የሚለውን ከሱ ቀጥለሽ። ስሙ ቢሳሳት እንኳ ያየሽው ይተርፋል። ለላብራቶሪ የሚላከውን ናሙና አሲድ አታስነኪው።

ከደብረ ብርሃን፣ የውሃ ጉድጓድ ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ፦ «ከአሮጌው 1:50,000 ካርታ ያነበብኩትን ነጥብ ጂፒኤስ ላይ ሳስገባው ሌላ ቦታ ይወስደኛል።»

የካርታው ዳተም፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮቹ የሚቆጠሩበት መነሻ፣ አዲንዳን የሚባለው ነው፤ ጂፒኤሱ የሚሠራው ደግሞ በደብሊው ጂ ኤስ 84 ነው። በአገራችን የሁለቱ ልዩነት 200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ለጉድጓድ ቦታ ይህ ብዙ ነው። ጂፒኤሱ ማስተካከያ ውስጥ ገብተህ አዲንዳንን ምረጥ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ነጥብ አጠገብ በየትኛው እንደተያዘ ጻፍ።

ከደላንታ፣ ኦፓል የሚያወጣ ወጣት፦ «ኦፓሉ ያለበት ንብርብር እኛ ጋ ገደሉ ላይ ይታያል። ከሸለቆው ማዶ የት ጋ እንደሚወጣ ሳንቆፍር ማወቅ ይቻላል?»

በግምት ይቻላል፤ ጥያቄህ የጂኦሎጂስት ጥያቄ ነው። የእናንተው የወገል ጤና ኦፓል የሚገኘው በኢግኒምብራይቱ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ትኩስ አመድ ጠጥሮ በሆነው ድንጋይ፣ ውስጥ ባለ ቀጭን ንብርብር ሲሆን፣ ንብርብሩ ገደሉን ተከትሎ ይሄዳል። የኮምፓስህን የዝንባሌ መለኪያ ዜሮ ላይ አድርገህ፣ ንብርብሩ ጋ ቆመህ ማዶውን አነጣጥር። የምታየው ነጥብ ከዓይንህ እኩል ከፍታ ላይ ያለ ነው፤ ከእግርህ እስከ ዓይንህ ያለውን ቀንስ። ግን ግማሽ ዲግሪ ብትሳሳት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ወደ 9 ሜትር ትስታለህ። ንብርብሩ ራሱ 2 ዲግሪ እንኳ ቢያዘነብል በ1 ኪሎ ሜትር 35 ሜትር ይወርዳል ወይም ይወጣል። ስለዚህ በራሳችሁ በኩል በሦስት በተራራቁ ቦታዎች ከፍታውን ለኩና ወዴት እንደሚያዘነብል መጀመሪያ እወቁ። የጂፒኤስ ከፍታ ገደል ሥር በጣም ይሳሳታልና አትመኑት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከገደሉ ተነጥሎ የተንሸራተተ መሬት ላይ ንብርብሩን ብታገኙት ከትክክለኛ ቦታው ወርዶ ነው ያለው። የተንሸራተተ መሆኑን የሚነግሩህ ያጋደሉ ዛፎችና ከጀርባው ገደል የተለየ ዝንባሌ ናቸው። እዚያ ዋሻ አትቆፍሩ። ከዝናብ በኋላም፣ ከላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየም፣ የቆየውም ዋሻ ቢሆን አትግቡበት። እዚያ ገደል ውስጥ ተደርምሶባቸው የቀሩ ልጆች አሉ፤ ይህን የምለው ለዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ የደወሉ እናት፦ «ልጄ ለሥራ ዳሎል ልትሄድ ነው። እንቅልፍ አጣሁ፤ ምን ልበላት?»

እናቴ፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ቦታው ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ፣ እጅግ የሚያቃጥል ነው። ብቻዋን ከቡድኑ አትለይ፣ ውሃ ሳይጠማት ትጠጣ፣ የጨው ቅርፊቱን መንገድ ከሚያውቁት የአፋር መሪዎች ጀርባ ትርገጥ፣ ከነሱ ቀድማ አትሂድ። ከሁሉ በላይ የጋዙን ነገር ይንገሯት። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው ድንገት ቢጠፋ አየሩ ጠራ ማለት አይደለም፣ ወዲያው ወደ ከፍታና ነፋሱ ወደሚመጣበት ትውጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ናሙና ለማንሳት ብላ ጉድጓድ ውስጥ አታጎንብስ። የጋዝ መለኪያ ይዘው እንደሆነም ከመነሳቷ በፊት አለቃዋን ትጠይቅ። የሚያድሩበትን ቦታ፣ የመመለሻ ሰዓታቸውንና ከዘገዩ የሚደወልለትን ሰው በወረቀት ጽፋ እርስዎ ዘንድ ትተው።