ዕቃውን ነው ወይስ ሰውየውን?

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ከሐዋሳ ብቻዬን ነኝ። ወሬዬ ነጋዴ በእምነቱ ምክንያት "አይሆንም" ሲል የሚመልሰው ዕቃውን ነው ወይስ ሰውየውን የሚል ነው።

አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ በልታችሁ ታውቃላችሁ? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ በዳጣ እያጠቀሰ ይበላል። ዓሣ ላይ "ማን አረደው?" የሚል ሰው የለም። ከተማ ገብታችሁ ሥጋ ቤት ስትፈልጉ ግን አንዱ በር ላይ መስቀል፣ ሌላው ላይ ጨረቃና ኮከብ ታያላችሁ። በዚህ ማንም ተበደልኩ ሲል አልሰማሁም። ሙስሊሙ ባለ ሥጋ ቤት አልሸጥልህም አላለኝም፤ የማልገዛው እኔ ነኝ።

ነገሩ የሚከረው ሰውየው ራሱ በእምነቱ የተነሳ አይሆንም ሲባል ነው። ሠራተኛ ሲፈልግ ለደላላው "የእኛ እምነት ተከታይ ይሁን" የሚል ነጋዴ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪ በሃይማኖት እንዳይለይ ይከለክላል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 25 ላይ እኩልነትን፣ አንቀጽ 27 ላይ የእምነት ነፃነትን አስቀምጧል። ሁለቱ ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ ነው ጣጣው።

ፈረንጅ አገር ይሄ ጣጣ በኬክ መጣ። ጃክ ፊሊፕስ የሚባል የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ኬክ ጋጋሪ በፈረንጆቹ 2012 ለሁለት ወንዶች የሠርግ ኬክ አልሠራም አለ። እምነቴ አይፈቅድም፣ ከፈለጋችሁ ሌላ ኬክ ወይ ብስኩት ልሽጥላችሁ አላቸው። በፈረንጆቹ 2018 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰባት ለሁለት ፈረደለት። የረታው ግን ጉዳዩን ቀድሞ ያየው የግዛቲቱ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን እምነቱን አንቋሽሿል ተብሎ ነው፤ ዋናው ጥያቄ ተንጠልጥሎ ቀረ። በዚያው ዓመት የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቤልፋስቱን አሸርስ ዳቦ ቤት ጉዳይ አየ። እዚያ ደንበኛው ያዘዘው የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የሚደግፍ መፈክር የተጻፈበት ኬክ ነበር። ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለዳቦ ቤቱ ፈረዱ። ባለቤቶቹ የጠሉት መፈክሩን ነው፣ ለማንም ቢሆን አይጽፉትም ነበር አሉ።

ስለ ጋብቻው ያላችሁን አቋም ለጊዜው ተዉት፣ እኛ አገር ሕጉም አይፈቅደውም። የእኔ መለኪያ አጭር ናት፦ ይህንኑ ዕቃ ሌላ ሰው ቢያዝህ ትሠራለት ነበር? ፊሊፕስ ደንበኞቹን የመለሳቸው ስለ ኬኩ መልክ ገና ሳይነጋገሩ ነው። ስለዚህ የእሱ ነገር አልዋጥልህ ይለኛል።

ወደ ሰፈራችን ላምጣው። ጥምቀት ሲደርስ ወጣቶች የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ቲሸርት ያሳትማሉ። ባለ ማተሚያ ቤቱ ፕሮቴስታንት ቢሆንና "ይቅርታ፣ ሥዕሉን አላትምም" ቢል አልቀየመውም። ማተሚያ ቤት ሞልቷል። ከአንዲት ልጅ አንገት ላይ ማዕተብ አይቶ የትምህርት ማስረጃዋን ፎቶ ኮፒ አላደርግም ካላት ግን በሕግ ቢጠየቅ ደስ ይለኛል። ባለ ማዕተቡም ሒጃብ የለበሰችውን ቢመልስ ያው ነው።

የሚከብደኝ ትንሽ ከተማ ነው። ያለው ማተሚያ ቤት አንድ ብቻ ሲሆን፣ ቲሸርቱ ደግሞ ለነገ ሲፈለግ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትፈርዳላችሁ? በቴሌግራም በድምፅ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ።