ረጅሙን ንግግር የተናገረው ሰነፉ ነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶቻችን፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ለገብር ኄር፣ ለበጎው አገልጋይ ሰንበት አደረሳችሁ።

አስተባባሪዎቹ 20 ደቂቃ ሰጥተውኛል። ርእሱንም የሰጡኝ እነሱ ናቸው፤ «በክርስትና ሕይወት ስንፍናን ማሸነፍ» ይላል። ስልኩን ዘግቼ ለብቻዬ ሳቅኩ። ይሄ ሁሉ መምህር ባለበት ደብር ለዚህ ርእስ እኔን የመረጡት ማን ነግሯቸው ነው? አብረን ያደግን እዚህ አላችሁ፤ ስትሳሳቁም አያችኋለሁ። እናንተ እንደምታውቁት እኔ ስንፍናን ከመጽሐፍ አላጠናሁትም። አብሮኝ ነው ያደገው።

ቀኑም ገጥሟል። ዛሬ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ነው። ጠዋት ወንጌሉ ሲነበብ የነበራችሁ ሰምታችሁታል። ያልነበራችሁም አላችሁ። ወደ እናንተ በኋላ እመጣለሁ።

የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25ን የመክሊት ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ጌታው ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ከአገልጋዮቹ ለአንዱ 5፣ ለአንዱ 2፣ ለአንዱ 1 መክሊት ሰጠ። እዚሁ አዳራሽ በድራማ ሠርተነዋል። እኔ ባለ አንድ መክሊቱን ሆኜ ነበር። ልምምድ ሳያስፈልገኝ ተዋጣልኝ።

ግን አንዷን መክሊት ሁልጊዜ አሳንሰን ነው የምናያት። የምጽዋት ያህል፣ የቡና መጠጫ ያህል። አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ነበር። አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ የቀን ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነው፤ እዚያው ማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ላይ የወይኑ ሠራተኞች የተዋዋሉበት። ሰንበቱንና በዓሉን ስትቀንሱለት 6,000 የሥራ ቀን ወደ 20 ዓመት ይመጣል። ያ ሰውዬ መሬት ውስጥ የቀበረው የ20 ዓመት ደመወዝ ነው! «ለእኔ የተሰጠኝ ትንሽ ነው» የሚለው ሰበብ እዚህ ላይ አለቀለት።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የመጣሁትም ለዚች ነገር ነው። ጌታው ተመልሶ ሲተሳሰባቸው ባለ አምስቱ ምን አለ? «አምስት ሰጠኸኝ፣ ይኸው ሌላ አምስት አተረፍኩ።» አለቀ። ባለ ሁለቱም እንደዚያው። አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው የተናገሩት። ባለ አንዱስ? እሱ ንግግር አደረገ። አንተ ጨካኝ ሰው እንደሆንክ አውቃለሁ፣ ካልዘራህበት ታጭዳለህ፣ ካልበተንክበት ትሰበስባለህ፣ ፈራሁ፣ ሄድኩ፣ ቀበርኩ፣ ይኸው ገንዘብህ። በዚያ ምሳሌ ውስጥ ከሦስቱ አገልጋዮች ረጅሙን ንግግር የተናገረው ምንም ያልሠራው ነው።

ደግሞ ተኝቶ አልዋለም። ጉድጓድ ቆፍሯል። ቁፋሮ ቀላል ሥራ ነው እንዴ? ላቡን አፍስሷል። አባቶቻችን በግእዙ «ገብር ሐካይ»፣ ሰነፍ አገልጋይ ይሉታል። ሐኬት፣ ስንፍና ማለት ሶፋ ላይ መጋደም ብቻ አይደለም። ከታዘዙት ሥራ ለመሸሽ ሌላ ሥራ መሥራትም ሐኬት ነው። እኛ ቆፋሪዎች ነን። ቀኑን ሙሉ ስንቆፍር እንውልና ማታ «ደከመኝ» ብለን ሳንጸልይ እንተኛለን።

እስቲ የራሴን ጉድጓድ ላሳያችሁ።

1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የሕፃናት ክፍል መምህር አድርገው መደቡኝ። ክፍሏን የምታስታውሱ ታስታውሷታላችሁ፤ ከቤተልሔሙ ጀርባ ያለችው የቆርቆሮ ቤት። ቁልፏ አንድ ነው። የሚያዘውም እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ከፍቼ እስከ አሥራ አንድ አስተምራለሁ።

አንድ የሐምሌ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው ጣራው ላይ ይወርድ ጀመር። እናቴ በቆሎ እየጠበሰች ነው። እኔ ጋቢ ተከናንቤያለሁ። ስምንት ተኩል ሆነ። «ማን ይመጣል በዚህ ዝናብ?» አልኩ። እናቴ ምንም አልመለሰችም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። «ቢመጡስ ጭቃውን ይዘው ነው የሚገቡት» አልኩ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ደግሞ ለልጆቹ ማዘን ጀመርኩ። «በዚህ ብርድ ከሚታመሙ ቤታቸው ቢቀመጡ ይሻላል!» አያችሁ? በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንፍናዬ ርኅራኄ ሆነ። መጽሐፈ ምሳሌ ላይ ታካች ሰው «አንበሳ በመንገድ አለ» ይላል። የእኔ አንበሳ ዝናብ ነበር። በቆሎዬን በላሁ።

አንድ ልጅ ግን መጥቷል።

ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ላስቲክ ጭንቅላቱ ላይ አስሮ፣ ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ መጣ። በሩ ዝግ ነው። ክዳኑ ሥር ቆመ። ጥበቃው «ሂድ ልጄ፣ ዛሬ የለም» ቢለው «መምህር ይመጣል» አለ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆመ። ይሄን የነገረኝ ጥበቃው ነው፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉን ስከፍት። ነፍሱን ይማረውና ሲነግረኝ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጁ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ምን እላለሁ? «ልጆች፣ ያለፈው ቅዳሜ አሞኝ ነበር» አልኩ። ከመስቀል ሥዕሉ ሥር ቆሜ።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ አንዲት ነጠላ ያጣፋች እናት ጠጋ አለችኝ። ጠርሙስ ይዛለች። በወረቀት የተቋጠረ እምነትም አለ። «መምህር፣ እግዜር ይማርህ። ልጄ ማታ ስምህን እየጠራ ሲጸልይ ነው የሰማሁት» አለችኝ። ጸበሉን ሌሊት ተነሥታ እንጦጦ ድረስ ሄዳ ነው የቀዳችው። ከዚያ «የክርስትና ስምህን ንገረኝ» አለች። ነገርኳት። ምን ላድርግ? ጸበሉንም እዚያው ፊቷ ጠጣሁት። ላልታመምኩት በሽታ በክርስትና ስሜ ተጸለየልኝ። ስንት ቀን እንደጸለየችልኝ እግዚአብሔር ያውቃል።

ለእሷ እውነቱን አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኩት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ቀኖናዬ ምን እንደነበረ እዚህ አላወራም። ስግደት ያለበት መሆኑን ብቻ ልንገራችሁ።

ያን ታሪክ ሳስታውስ የሚቆጠቁጠኝ መቅረቴ ብቻ አይደለም። ሰው ይቀራል። የሚቆጠቁጠኝ አፌ ነው። ከአልጋ ለመነሣት አቅም ያጣሁ ሰውዬ ለሰበብ ግን እንዴት ያለ ጉልበት ነበረኝ!

እና ዛሬ ልቆጣ የመጣሁት በዚህ ነው። አሁንም ይሄ አፍ አለን። የዛሬው ደግሞ የበለጠ መንፈሳዊ ሆኗል። «ናና አገልግል» ሲባል «እኔ ኃጢአተኛ ነኝ፣ አይገባኝም» ይላል። «ንስሐ ግባ፣ ቁረብ» ሲባል «ጊዜው ሲደርስ፣ እሱ ሲፈቅድ» ይላል። ወንድሜ፣ እሱ ከፈቀደ ቆየ! ያልፈቀድከው አንተ ነህ። እውነተኛ ትሕትና «አይገባኝም» እያለ ይሠራል። የእኛው «አይገባኝም» ብሎ ቡና ይጠጣል። ባለ አንድ መክሊቱም እኮ «ፈራሁ» ነው ያለው። የፈሪሃ እግዚአብሔር ሰው ይመስል ነበር።

እልል አትበሉ፤ ገና አልጨረስኩም።

ቅዳሴው እንዴት ነው? ጉልበቷን የሚያማት እናት ከቅዳሴ በፊት ያለው የኪዳን ጸሎት ሳይጀመር ትመጣለች። በረኛው ገና ሲከፍት ነው የምትደርሰው። እኛ ጎረምሶቹስ? ወንጌል ከተነበበ በኋላ ዲያቆኑ «ጻኡ ንዑሰ ክርስቲያን» ይላል። ያልተጠመቃችሁ፣ ገና በትምህርት ላይ ያላችሁ ውጡ ማለት ነው። እነሱ ውጡ በሚባሉበት ሰዓት የተጠመቅነው እንገባለን! በር ላይ ቢገናኙ ምን ይባባሉ ነበር? መጨረሻ ላይ «እትዉ በሰላም»፣ በሰላም ግቡ ሲባል ግን የሚቀድመን የለም።

ወርኃዊ በዓሉን እንይ። «ዛሬ ሚካኤል ነው፣ ሥራ የለም» እንላለን። ጥሩ። ቅዳሴ ሄድን? አይ። የታመመ ጠየቅን? አይ። የታሰረ ጎበኘን? አይ። ተኝተን ዋልን። ቅዱስ ሚካኤል እኮ እስራኤልን በበረሃ መንገድ የመራ መልአክ ነው ብለን ነው የምናከብረው። በመንገድ መሪው ቀን ከአልጋ አልወረድንም። በዓል ማክበርና ሥራ መጥላት ነጠላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ አሳስቶናል።

ስልኩንስ? ሦስት ሰዓት ሙሉ ስብከት ተጋድመን እንሰማለን። ሥሩ «አሜን» ብለን ጽፈን ሼር እናደርጋለን። አቡነ ዘበሰማያትን ቆሞ ማድረስ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ እሱ ይከብደናል። የትኛው ሰባኪ ከየትኛው ይበልጣል እያልን በቴሌግራም እስከ እኩለ ሌሊት እንጨቃጨቃለን። እኩለ ሌሊት ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት አንዱ ነው። እሱን እንኳ ነቅተን ነው ያሳለፍነው!

እዚህ ላይ ግን ላቁም። የሌሊት ፈረቃ ሠርታ የመጣች እህት እዚህ አለች። ቀን ሥራ፣ ማታ የታመመ አባት የሚያስታምም ወንድምም አለ። ይሄ ንግግር እናንተን አይመለከትም። ድካም ሌላ፣ ስንፍና ሌላ። ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ከዛፍ ሥር ሲተኛ መልአኩ አልገሠጸውም። እንጀራና ውኃ አቅርቦ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ አበላው። የደከመን ሰው አብሉት። እንዲያውም ከእናንተ መካከል የደከማችሁ ብዙዎቹ የደከማችሁት የእኛን የሰነፎቹን ድርሻ ደርባችሁ ስለያዛችሁ ነው። በዚህ ደብር ጽዋ የሚያነሡት፣ አዳራሽ የሚጠርጉት፣ ለቅሶ የሚደርሱት ሁልጊዜ እነዚያው ሰባት ስምንት ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ብጠራ ይቀየሙኛል።

አሁን እንግዲህ «ማሸነፍ» የሚለው ላይ መምጣት አለብኝ። ሰዓቱ ደግሞ ሄዷል።

የግብፅ በረሃ አባቶች ይሄን ፈተና በደንብ ያውቁታል። በተለይ ቀትር ላይ ይመጣባቸው ነበር። ፀሐዩ አናት ላይ ይቆማል፣ ቀኑ አልሄድ ይላል፣ በዓቱ ይጠባል፣ መነኩሴው በበሩ ብቅ እያለ የሚመጣ ሰው አለ ወይ ብሎ ያያል። እኛ አሁን በየአምስት ደቂቃው ስልክ እንደምናየው ማለት ነው። በዳዊት 90 ላይ ያለው «የቀትር ጋኔን» ይሄ ነው ይሉ ነበር። አባ እንጦንስ ራሱ፣ የመነኮሳት አባት የምንለው፣ በዚህ ተሠቃይቶ «እንዴት ልዳን?» ብሎ ጸለየ። ወጣ ሲል እሱን የሚመስል ሰው አየ። ቁጭ ብሎ ገመድ ይታታል፣ ይነሣና ይጸልያል፣ ደግሞ ቁጭ ብሎ ይታታል። መልአክ ነበር። «እንዲህ አድርግ፣ ትድናለህ» አለው። ይኸው ነው። ረጅም ንግግር አላደረገለትም።

እኔ ከዚህ የምጨምረው ብዙ የለኝም። ለጀማሪ አንድ ነገር ብቻ ይበቃዋል። ሰባቱንም ሰዓት ነገ እይዛለሁ የሚል ሰው ረቡዕ ላይ ያቆማል፤ ሞክሬዋለሁ። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ቀን ተከፋፍሎ ተቀምጦልናል። የቀኗን ብቻ ያዙ። ስልኩ ከመከፈቱ በፊት። ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ንገሯቸው፤ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር ሰበብ ይቀንሳል።

ላሊበላን አስቡት። 11 ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈልፍሏል። ሰዎች ቀን የጠረቡትን ሌሊት መላእክት እጥፍ ያደርጉት ነበር ይላሉ አባቶች። እኛ የሌሊቱን ክፍል ስንተርክ ደስ ይለናል። የቀኑ ክፍል ባይኖር ግን እጥፍ የሚሆነው ምን ነበር?

በሉ፣ 20 ደቂቃዬን ጨርሻለሁ። ረጅም ንግግር ስላደረገ ሰው ያልኩትን ሳትረሱ ልውረድ።

አንድ ማስታወቂያ ብቻ አለኝ። የሕፃናት ክፍላችን ከመስከረም ጀምሮ የቅዳሜ መምህር የለውም። ሦስት ጊዜ ተለጥፎ ሦስት ጊዜ ያለ አንድ ፊርማ ተነሥቷል። ዛሬ ጠዋት ጽሕፈት ቤት ገብቼ ቁልፉን ተቀብያለሁ። ይኸው። የበሩ ቁልፍ ተቀይሯል፣ ኪሱ ግን ያው ነው። ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት እከፍታለሁ። ከእኔ የተሻለ የሚያስተምር ካለ በሩ ላይ ያገኘኛል፤ ቁልፉን እሰጠውና እኔ ልጆቹን አስቀምጣለሁ። ዝናብ ከሆነ ላስቲክ ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።