የሦስት ዓመቱ ሰማዕት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች፦

እንኳን ለቅዱስ ገብርኤል፣ ለቅዱስ ቂርቆስና ለእናቱ ለቅድስት ኢየሉጣ በዓል አደረሳችሁ።

ልጅ ሳለሁ ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ዓይኔ የሚሄደው ወደ አንድ የግድግዳ ሥዕል ነበር። ትልቅ ጎላ ተጥዷል፤ ከሥሩ እሳት ይንቦገቦጋል፤ ውስጡ እናትና ልጅ ቆመዋል፤ ከላይ ገብርኤል ክንፉን ዘርግቷል። የሚገርመኝ የመልአኩ መምጣት አልነበረም፤ መልአክ መቼም ይመጣል። የገረመኝ ሕፃኑ አለማልቀሱ ነው። እናቴን ብጠይቃት፣ «የፈራችውስ እናቱ ናት፤ እሱ ነው አይዞሽ ያላት» አለችኝ። ዛሬ የቆምኩት ስለዚያች መልስ ልነግራችሁ ነው።

ዘመኑ የዲዮቅልጥያኖስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ303፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ አዋጅ አስነገረ። ኢየሉጣ የኢቆንዮን ሰው ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከትልቅ ቤት የተወለደች። የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ፣ ሁለት ገረዶቿን አስከትላ ወደ ሴሌውቅያ ሸሸች። እዚያም ስደቱ ቢብስባት ወደ ጳውሎስ አገር ወደ ጠርሴስ ተሻገረች። መኮንኑ እለእስክንድሮስ ያስያዛት በዚያ ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ሁለት መንገድ ይይዛል።

በግሪኮቹ ዘንድ የሚነገረው አጭር ነው። እናቲቱ ስትገረፍ መኮንኑ ሕፃኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሊያባብለው፣ ሊስመው ይሞክራል። ሕፃኑ ዓይኑን ከእናቱ ሳይነቅል የመኮንኑን ፊት ይቧጭረዋል፤ በኮልታፋ አንደበቱ እሱም ክርስቲያን እንደሆነ ይናገራል። መኮንኑ ተናዶ ከደረጃው ላይ ወረወረው፤ ሕፃኑም ራሱ ተሰብሮ ሞተ። እናቲቱ አላለቀሰችም። ልጇ ስለቀደማት አመስግና አንገቷን ለሰይፍ ሰጠች።

የእኛ ገድል ረጅም ነው። መከራው ብዙ ነው፤ ሁሉንም አልቆጥርላችሁም። አንዷን ብቻ ልንገራችሁ። ወደ ፈላው ውኃ ሲያቀርቧቸው ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ያጓራ ነበር፤ ኢየሉጣ ልቧ ራደ። ያን ጊዜ ሕፃኑ ሠለስቱ ደቂቅን እያነሣ፣ እነዚያን ከእሳት ያወጣ አምላክ እኛን አይተወንም እያለ አጽናናት። ገብርኤል ወርዶ ውኃውን አቀዘቀዘው። ሐምሌ 19 የምናከብረው ይህን ነው፤ ዕረፍታቸው ግን ጥር 15 ነው።

የማታለቅሰዋን እናት አከብራታለሁ። የማውቃት ግን የፈራችውን ነው። በዚህ አዳራሽ ልጇን አስታማ የማታውቅ እናት ካለች ትቃወመኝ።

ይህ ረጅሙ ገድል በምዕራቡ ዓለም ተቀባይነት አላገኘም። በሮማው ጳጳስ በገላስዮስ ስም የሚጠራው የ6ኛው መቶ ዘመን ዝርዝር ካልታመኑት መጻሕፍት ጋር ደምሮታል። ዝርዝሩ ግን ሠዓሊዎቹን አላገዳቸውም። በ8ኛው መቶ ዘመን እዚያው ሮማ ውስጥ፣ ሳንታ ማሪያ አንቲኳ በምትባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ቂርቆስ ምላሱ ተቆርጦ ሲናገር፣ ከእናቱ ጋር ምጣድ ላይ ሲጣል ተሳለ። ሥዕሉ ዛሬም አለ።

ፈረንሳዮች ደግሞ ቂርቆስን ሲር ይሉታል። ኔቬር በምትባለው ከተማ ካቴድራሉ በእሱና በእናቱ ስም ነው። አፈ ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ ንጉሡ ሻርለማኝ በሕልሙ አደን ላይ ሳለ የዱር እሪያ መጣበት። አንድ ራቁቱን ያለ ሕፃን ብቅ ብሎ፣ ልብስ ብትሰጠኝ አድንሃለሁ አለው፤ ቃል ሲገባለትም እሪያውን እንደ ፈረስ ጋለበው። ሕልሙን የኔቬር ጳጳስ ፈታው፦ ሕፃኑ ቂርቆስ ነው፤ የጠየቀው ልብስ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ነው። (ጳጳሱ ጣሪያው ያፈስስበት እንደነበር አልጠራጠርም!)

ናፖሊዮን ያቋቋመው የመኮንኖች ትምህርት ቤትም በ1808 ሳን ሲር፣ ማለትም ቅዱስ ቂርቆስ፣ ወደምትባል ስፍራ ሲዛወር ስሟን ወረሰ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ከእኛም አገር ወጣቶች ሄደው ሠልጥነውበታል። ስንት ጄኔራል በሦስት ዓመት ሕፃን ስም ሲኩራራ እንደኖረ አስቡት።

እኛ ዘንድ ስሙ ጣና ላይ ደሴት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ክፍለ ከተማ ነው፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ ነው። «ቂርቆስ! ቂርቆስ!» ሲል ስለ ጠርሴስ የሚያስብ ያለ አይመስለኝም።

ባለፈው ሳምንት ያንን የልጅነቴን ሥዕል ሄጄ አየሁት። የጎላው ቀለም በጧፍ ጭስ ጠቁሯል። ልጅ ሳለሁ ያላስተዋልኩት አንድ ነገር አለ፦ ሠዓሊው የኢየሉጣን እጅ በሕፃኑ ትከሻ ላይ አሳርፎታል። እሷ እሱን ይዛው ይሁን፣ ወይስ እንዳትወድቅ እሱን ተደግፋ፣ ብዙ ቆሜ ባየውም አልለየሁትም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።