ዓይኑ የጠፋ ውሻና ግቢያችን

[ምስል፦ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር። ዳገት ላይ ያለ ግቢ፣ የድንጋይ ደረጃ፣ በር ላይ የተኛ ቡናማ ውሻ]

ውሻ ማየት ማቆሙን ለባለቤቱ የሚያሳብቀው ብዙ ጊዜ ማገዶ ነው። አንድ ጠዋት የባሕር ዛፍ ፍልጥ ግቢው መካከል ይራገፋል፤ ለዓመታት በዚያ ሲመላለስ የኖረው ውሻ ሄዶ ይላተምበታል። ግቢውን በአፍንጫውና በእግሩ ሸምድዶት ስለነበር እስከዚያች ቀን ማንም ልብ አላለውም። የሰው አፍንጫ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ገደማ ሽታ ተቀባይ ሕዋሳት ሲኖሩት የውሻ ከ100 ሚሊዮን በላይ አሉት።

[ምስል፦ ከውሻው ፊት የሚወድቅ ጥጥ]

ከጠረጠራችሁ ጥጥ ጠቅለል አድርጋችሁ ከፊቱ ጣሉ። ጥጥ ሲወድቅ አይሰማም፤ የሚያይ ውሻ በዓይኑ ይከተለዋል። እጅ ማወናጨፍ ግን አያስተማምንም፤ ነፋሱን በጺሙ ያውቀዋል።

ከ7 ዓመት በላይ የሆነው ውሻ ዓይኑ ግራጫ ቢመስል ታውሯል ለማለት አትቸኩሉ፤ ሌንሱ በዕድሜ ሲደፈርስ እይታው ብዙም አይጎዳም። የዓይን ሞራ ከዚህ የተለየ ነው፤ የስኳር በሽታም ሊያመጣው ይችላል። የሚያስቸኩለው የዓይን ግፊት ነው። ዓይኑ ከቀላ፣ ካበጠ፣ ጭጋግ ከለበሰና ውሻው ፊቱን መሬት ላይ ከፈተገ በዚያኑ ቀን ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት። ግፊቱ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ እይታን ያጠፋል፤ ሕመሙም ብርቱ ነው። ከቤት የተረፈ የሰው የዓይን ጠብታ አትጨምሩበት፤ ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ የቆሰለን ዓይን ያባብሳል።

[ምስል፦ በረንዳ፤ ማንደጃ፣ ጀበና፣ የዕጣን ጭስ]

አይቶ መኖር ካልቻለ፣ ውሻው ከእኛ የሚሻው ውለታ አንድ ነው፦ ዕቃ ባለበት ይቆይ። እንዲህ ሲባል ቀላል ይመስላል! ጀሪካኑ ዛሬ በር ላይ፣ ነገ ጓሮ ነው። የበጉ ገመድ መንገዱን ያቋርጣል። እኔን ከሁሉም የሚያስፈራኝ የቡና ሰዓት ነው። ማንደጃው ከወለሉ ብዙም ከፍ አይልም፣ ጀበናው ከላዩ ተጥዷል፤ ዕጣኑ ሲጨስ ደግሞ ውሻው መንገዱን የሚለይባቸው ሽታዎች ይዋጣሉ። ከሰሉ ሳይቀጣጠል ውሻውን ወደ ማደሪያው ውሰዱት፤ ማንደጃውም ሁልጊዜ በአንድ ጥግ ይቀመጥ። የበዓል ቀን ቄጠማ ሲጎዘጎዝ ቢደናገር አትቆጡት።

የድንጋይ ደረጃ ካላችሁ ከላይም ከታችም ቁራጭ ጆንያ አንጥፉ። እግሩ ሻካራውን ሲነካ ደረጃ መድረሱን ይለምዳል። «ውጣ»፣ «ውረድ»፣ «ቁም» የሚሉትን ቃላት በቁራሽ እንጀራ እያባበላችሁ አስተምሩት፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ያንኑ ቃል ይጠቀም። አያት «ቁም»፣ ልጅ «ተው» እያለ የሚያዘው ውሻ ገደል ቢገባ ጥፋቱ የማን ነው? ሌላ ውሻ ካለ አንገቱ ላይ ቃጭል እሰሩለት፤ ዓይነ ስውሩ ድምፁን እየተከተለ ይሄዳል።

[ድምፅ፦ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ]

የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጆሮውም አይረዳውም። ያን ጊዜ ድንገት አትንኩት፤ መሬቱን በእግራችሁ መታ መታ አድርጉ፣ እጃችሁንም ያሽትት። በሌላው ጊዜ መጀመሪያ ስሙን ጥሩ፣ ቀጥሎ ዳስሱት። ልጆች ይህን ይወቁ፤ የደነገጠ ውሻ ይነክሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም አይዘለል። ጠባዩ በድንገት ተለውጦ ለሃጩ ከተዝረከረከና መዋጥ ካቃተው ግን ነገሩ የዓይን ብቻ ላይሆን ይችላልና አትቅረቡት። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

[ምስል፦ የምሽት ግቢ፣ የእሾህ አጥር]

ሌሊት ፈትቶ ወደ ውጭ መልቀቅ ይቅር፤ ጅብ አለ። ጥበቃውን ግን ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ይቀጥላል፤ የበር ኮሽታ ከእናንተ ቀድሞ ይሰማል። በረጅም ሰንሰለት ማሰርም አይበጅም፤ ግንድ ላይ ይጠመጠምበትና ማላቀቂያው ይጠፋዋል። ለሰንሰለት የምታወጡትን ገንዘብ አጥሩን ጠግኑበት።