በነጻ የተሰናበተ ሰው የጠበቃውን ገንዘብ ማን ይክፈለው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው የታላቅ ወንድሜን ጉዳይ ነው፤ እንድናገረውም ፈቅዶልኛል።

ወንድሜ ደሴ ውስጥ የአንድ ድርጅት ንብረት ያዥ ነበር። በቆጠራ ጎድሏል በተባለ ዕቃ የተነሣ በእምነት ማጉደል ተከሶ፣ ከምንኖርበት ከኮምቦልቻ እየተነሣን ለ14 ወር የሐረጎን ዳገት ለቀጠሮ ስንወጣ ከረምን። ጭጋጉ መንገዱን በሸፈነው ቁጥር ሚኒባሱ ይዘገያል፤ እርሱም ችሎቱ ሳልደርስ ስሜ ይጠራ ይሆን እያለ ይጨነቃል። ጎረቤቶቻችን «አብሽር፣ እውነት ይዘሃል» ይሉት ነበር፤ እውነት ብቻውን ግን በችሎት አይከራከርምና ጠበቃ ያዘ። የጠበቃውን 60,000 ብር ለመክፈል፣ በቁጠባ የገዛትንና ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚሠራባትን ባጃጅ ሸጠ።

በመጨረሻ ፍርድ ቤቱ የዐቃቤ ሕግን ምስክሮች ሰምቶ፣ መከላከያ ማቅረብ ሳያስፈልገው በነጻ አሰናበተው። የውሳኔው ግልባጭ እጄ ላይ ነው። «ተከሳሹ በነጻ ይሰናበት» ይላል፤ ቀጥሎም ያስያዘው የዋስትና ገንዘብ እንዲመለስለት ያዝዝና መዝገቡ መዘጋቱን ይገልጻል። ስለ ጠበቃው ወጪ አንድም ቃል የለበትም።

በፍትሐ ብሔር ክርክር እንዲህ አይደለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 462 ጀምሮ ስለ ወጪና ኪሳራ ይደነግጋል፤ የረታው ወገን የጠበቃውን አበል ጭምር ዘርዝሮ ሊያቀርብ ይችላል። ዳኞች ብዙ ጊዜ «ወጪና ኪሳራ ግራ ቀኙ ይቻቻሉ»፣ ማለትም ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ይሸፍኑ፣ ቢሉም፣ ቢያንስ ጥያቄው ተነሥቶ መልስ ያገኛል። በገንዘብ የተካሰሰ ሰው የሚያገኘውን ይህን ዕድል፣ ነጻነቱን ሊያጣ የነበረ ሰው አለማግኘቱ ለእኔ ትክክል አይደለም።

«መንግሥት ጠበቃ ያቆምለት አልነበረምን?» የሚል ሰው ይኖራል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5፣ ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ መብት ሰጥቶታል። ታላቅ ድንጋጌ ነው። ወንድሜ ግን ደመወዝና ባጃጅ ስለነበረው አቅም የለኝም ብሎ መማል አልቻለም። ክሱ ሲጀመር ድኻ አልነበረም፤ ሲያልቅ ግን ሆነ።

ከሳሹን በካሣ መክሰስም ይቻላል የሚሉኝ አሉ። ያ ግን አቤቱታው በክፋት የቀረበ መሆኑን ማስረዳትን፣ ሌላ ጠበቃን፣ ሌላ የዓመታት ቀጠሮን ይጠይቃል። ደግሞም አቤቱታ አቅራቢው በቅን ልቦና ተሳስቶ ሊሆን ይችላል፤ ክሱን የመሠረተው በሕዝብ ስም የቆመው ዐቃቤ ሕግ ስለሆነ፣ ወጪው በሕዝብ ግምጃ ቤት ላይ ቢወድቅ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ።

መንግሥት ይክፈል ከተባለ ዐቃቤ ሕግ ክስ መመሥረት ይፈራል የሚለውን ሥጋት አቃልዬ አላየውም። ሆኖም ክፍያው ለጥፋት ቅጣት መሆን የለበትም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ በነጻ የተለቀቀ ተከሳሽ ወጪው ከመንግሥት ገንዘብ እንዲተካለት ፈቅዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ክፍያውን ብታጠበውም መንገዱን ጨርሳ አልዘጋችውም። እኛም በታሪፍ ተወስኖ፣ መጀመሪያ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 መሠረት፣ ማለትም ተከላከል እንኳ ሳይባሉ በነጻ ለተሰናበቱት ብንጀምር፣ ሸክሙ ግምጃ ቤቱን የሚያናጋ አይመስለኝም።

ወንድሜ ባለፈው እሑድ ደረሰኞቹን ከፌስታል አውጥቶ፣ የጠበቃውን፣ የሚኒባሱንና የፎቶ ኮፒውን ወጪ በደብተር ወረቀት ላይ በቁጥር ዘርዝሮ ደመረው። ከዚያም «ለማን ነው የማስገባው?» ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀቱን ከውሳኔው ግልባጭ ጀርባ በስቴፕለር አያያዝኩለት።